መድኃኒት ያልነካው ሰሊጥ

ለሰማም ላልሰማም እንዲታወቅ ይሁን፤ በጥቅምት መግቢያ፣ ከኮኪት ወጣ ብሎ በሚገኝ የሰሊጥ ማሳ ላይ፣ ስም ያልወጣለት አንድ ቢጫ ውሻ እስኪጠግብ በልቶ አደረ።

ለዚህ ጉዳይ ትኩረት የሰጠ አልነበረም። በዚያው ጠዋት የማሳው ጠባቂ አበባው ሞቶ ስለተገኘ፣ ውሻ በላ አልበላ ብሎ የሚጠይቅ አልተገኘም። ኢንስፔክተር ማናዬ ከገንዳ ውሃ ከተማ ተነስታ ስትደርስ ፀሐዩ ከረር ብሏል። ሬሳው ነጠላ ጣል ተደርጎበት ከማደሪያ ዳሱ አጠገብ በጎኑ እንደተኛ ነበር። በዙሪያው የታጨደው ሰሊጥ በነዶ በነዶ ተጠጋግቶ፣ እንዲደርቅ እንደ ትንንሽ ጎጆ ቆሟል። የአገሩ ሰው ይህን ክምር ሂላ ይለዋል።

ማናዬ ዝግ ብላ የምትራመድ፣ ሰው ሲያናግራት መሬት መሬት የምታይ ሴት ናት። የማያውቋት ዓይን አፋር ይሏታል። እሷ ግን መሬት የምታየው መሬት ላይ ያለውን ለማየት ነው።

ነጠላውን ገለጠች። ከጤና ጣቢያ የመጣው ባለሙያ ከጎኗ ቆሞ ያየውን ነገራት፤ የዓይኑ ብሌን ጠቦ የመርፌ ቀዳዳ አክሏል፣ አፉ አረፋ ደፍቋል፣ ገላው በላብ ርሷል። የተባይ መርዝ ነው፤ በምግብ ተሰጥቶት ነው።

«በምግብ መሆኑን በምን አወቅህ?»

«በምን ይሆናል ሌላ? እዚህ ማሳ መድኃኒት አይገባማ።»

በዚያ አገር ለሰብል ተባይ የሚረጨውን መርዝ መድኃኒት ነው የሚሉት። ይህ ማሳ እንደማያስገባው ደግሞ ከመንገዱ ዳር የተተከለው ትልቅ ሰሌዳ ይመሰክራል፤ «መድኃኒት ያልነካው ሰሊጥ፤ ገበሬ፣ ባለሀብትና ተመራማሪ በጋራ»። ቆላው በየዓመቱ በመድኃኒት ይታጠባል፤ ተባዩ ይለምደዋል፣ ገበሬው ይጨምርበታል፣ ሰሊጡ ባሕር ማዶ ተመርምሮ አይረባም ተብሎ ይመለሳል። ስለዚህ ከጎንደር የመጡ ተመራማሪዎችና የአገሩ አራሾች ተስማምተው ይህን ማሳ ለሙከራ ለዩ። ካሜራ ያለው ወጥመድ ተተከለ። ፍሬውን መጥጦ ባዶና መራራ የሚያደርገው የሰሊጥ ትኋን ሲበዛ፣ ወጥመዱ ቆጥሮ ስልክ ላይ መልእክት ይልካል፤ ያኔ ሰው ወጥቶ በእጁ ይለቅማል፣ የኒም ቅጠል ጭማቂ ይረጫል። መድኃኒት ግን በሁለት የምርት ዘመን አንድ ጠብታ አልነካውም ተባለ። ይህን ለማየት ከውጭ የሚመጡት እንግዶች በዚያው ቀን ከሰዓት ይጠበቃሉ። ካመኑበት ሥራው ወደ አብደራፊና ወደ ቋራ ይሰፋል።

አለቃዋ በስልክ የነገራት አጭር ነበር፤ እንግዶቹ ሳይደርሱ የተጠረጠረችውን ወጥ ሠሪ ይዛ እንድትመጣ፣ የቀረውን «እዚህ እናጣራለን» አላት። ማናዬ «እዚህ እናጣራለን» የተባለ ነገር ሲጣራ አይታ አታውቅም። ሴትየዋ መኪና ላይ ከወጣች ነፍሰ ገዳይ ሆና እንደምትቀር ግን ታውቃለች።

ሬሳው ላይ ጎንበስ ብላ ቆየች። አንድ የጎደለ ነገር አለ፤ ምን እንደሆነ ግን አልመጣላትም። በልማድ እጇን ፊቷ ላይ ስታወዛውዝ ነው የመጣላት። የምታባርረው ነገር አልነበረም። በቆላ፣ በጥቅምት፣ ታጥቦ የተደፋ ሳህን እንኳ ዝንብ ሳያርፍበት አይውልም። አበባው ላይ አንድም ዝንብ የለም።

ከዚያ ሸሚዙን ከጀርባው ገልጣ አየች። በሁለቱም ትከሻዎቹ ላይ የማንገቻ ሰንበር አለ። ጀርባው ላይ ሸሚዙ እስከ ወገቡ ድረስ እርጥብ ነው፤ ሽታው አፍንጫ ይወጋል፤ ከሥሩ ያለው ቆዳ ቀልቷል። ነጠላውን መልሳ ሸፈነችውና ለማንም ምንም አላለችም።

ለእንግዶች በተተከለው ድንኳን ሥር ሦስት ሰዎች ይጠብቋታል። አያ ደረበ የማሳው ባለቤትና የሟቹ አበልጅ ናቸው፤ ሞዴል ገበሬ ተብለው በሬዲዮ የተናገሩ ሽማግሌ። ዶክተር ወንጌል ምርምሩን የምትመራ ወጣት ሴት ናት፤ ስልኳ ከእጇ አይለይም። አቶ አዛናው ከጎንደር የመጣ ባለሀብት ነው፤ ሰፊው እርሻው ከሙከራው ማሳ ጋር ይዋሰናል፣ ስሙም ሰሌዳው ላይ አለ።

«ይችን ሴት እኛ ክፉ አንላትም» አሉ አያ ደረበ። «ግን ከሟቹ ጋር ተጣልታ ነበር። ሰው እየሰማ ነው የሰደበችው።»

«ወጥ ቤቷ ውስጥ የመድኃኒት ጠርሙስ ተገኝቷል» አለች ወንጌል። «በዚህ ግቢ ሌላ የለም። ሊኖርም አይችልም።»

«ትናንት ማታ ያደረሰችለት ሳህንም ዳሱ ደጃፍ ባዶውን ተገኝቷል» አለ አዛናው። «በልቶ ነው የሞተ። ምን ቀረ?»

ሦስቱም ከልባቸው አዝነው ነበር የሚናገሩት። ማናዬ ግን ሲናገሩ ወደ እሷ ብቻ እንደሚያዩ፣ እርስ በርሳቸው እንደማይተያዩ ልብ አለች።

«ትኋንስ? አለ ማሳው ላይ?»

ወንጌል ስልኳን አሳየቻት። «አንድም የለም። ሰሞኑን ጨርሶ ጠፍቷል። ተፈጥሮ ራሷን ስትጠብቅ እንዲህ ነው።»

«ዝንብም የለም» አለች ማናዬ።

«ምን አሉኝ?»

«ምንም። ደግ ተፈጥሮ ነው።»

ስርጉት የሠራተኞቹ ወጥ ሠሪ ናት። የምርምሩ መጋዘን ውስጥ ተቆልፎባት ጆንያ ላይ ተቀምጣለች። ማናዬ ከጎኗ ሌላ ጆንያ ስባ ተቀመጠችና ስለ ጠቡ ጠየቀቻት። ስርጉት አንገቷን ደፍታ ነገረቻት። ሰሞኑን የአበባው እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ምራቁ ይዝረከረካል፤ ምግብ አስጠላኝ ይላል። አንድ ቀን ሳሉጎቹ፣ ለአጨዳ የመጡት የቀን ሠራተኞች፣ ለምሳ ተሰልፈው እያሉ ብርጭቆዋን ከእጁ ጥሎ ሰበረባት።

«ሰካራም አልኩት» አለች። «አበባው ጠላ እንኳ ቀምሶ አያውቅም። እያወቅሁ ነው ያልኩት። ሰው ሁሉ ሳቀበት። እሱም አብሮ ሳቀ።» ከቀሚሷ ላይ አቧራ አራገፈች። «መርዙን አላደረግሁትም፣ እሱን አልፈራም። ያ ሳቁ ግን አላስቀምጥ አለኝ፣ እህቴ።»

ትናንት ማታ ምግቡን በጨርቅ ቋጥራ ዳሱ ደጃፍ አድርሳለች። አበባው ግን በዚያ ሰዓት አልነበረም፤ ወደ ሂላዎቹ ወርዶ ይሆናል ብላ አስቀምጣለት ተመለሰች። ጠርሙሱ ለበረሮ ነው፤ ከሙነወር ሱቅ የተገዛ።

ማናዬ ከመውጣቷ በፊት መጋዘኑን ዞር ዞር ብላ አየችው። ጆንያው፣ ሚዛኑ፣ መስኮቱ ሁሉ አቧራ ለብሷል። ለረጪ ሰው የሚሆን ሙሉ ልብስ ከነጭምብሉ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ከላስቲኩ አልወጣም፤ ላስቲኩም አቧራ ለብሷል። ለእንግዶች ማሳያ ነው አላት ቁልፍ የያዘው ፖሊስ። ከልብሱ ሥር በጀርባ የሚታዘል መርጫ ተቀምጧል። እሱ ብቻ ያብረቀርቃል።

ከደጅ ቢጫው ውሻ ተከተላት። ፖሊሱ ባዶውን ሳህን ከነጨርቁ በፌስታል ይዞት ነበርና ተቀበለችው። ቋጠሮው አልተፈታም፤ ጨርቁ በጥርስ ተዘንጥሏል። ሳህኑ ደግሞ ተልሶ መስታወት ሆኗል። ውሻውን አየችው። ሆዱ ተነፍቷል፣ ጅራቱን ይቆላል፣ ጤናው የተሟላ ነው። ዓይን ለዓይን ሲጋጠሙ እንደማይመለከተው ሁሉ ወደ ሱዳን በኩል ዞረ።

ከዚያ ወደ ሂላዎቹ ወረደች። መሬቱ ጥቁር ዋልካ ነው፤ ያለፈ የረገጠውን አይረሳም። በየሂላው ዙሪያ ከጎማ የተሠራ ጫማ ዱካ አለ፤ ሬሳው የተጫማው ጫማ ነው። ሌላ ሰው አልረገጠም። ከታች ያለው ዱካ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። በእሱ ላይ ዳር ዳሩ ብቻ የደረቀ ሌላ ዱካ አለ። በዚያም ላይ ገና ያልደረቀ አለ። አንድ ሰው በየሂላው ዙሪያ ዞሯል፤ ቆይቶ መጥቶ ዞሯል፤ ቆይቶ ደግሞ ዞሯል።

የአያ ደረበ ቤት ቅርብ ነው። መርጫቸው ታጥቦ አፉን ወደ ታች ተደፍቶ ተሰቅሏል።

«በዚህ ምን ይረጩበታል፣ አያ ደረበ?»

«ውኃ ነው እንጂ። ለሽንኩርቴ።»

«ሽንኩርቱ የት አለ?»

«ገና አልተከልኩትም» አሉ ሽማግሌው ጫማቸውን እያዩ።

በአዛናው እርሻ ከትራክተሮቹ ጎን አሥር መርጫዎች በተርታ ተደርድረዋል። ሁሉም አቧራ ለብሰዋል፤ ከጫፍ ያለው አንዱ ብቻ ንጹሕ ነው። አዛናው ሠራተኞቹ ንጽሕና እንደሚወዱ ገለጸላት። ማናዬ ለምን ከአሥሩ አንዱን ብቻ እንደወደዱ አልጠየቀችውም።

የመጨረሻዋ መንገድ ወደ ሙነወር ሱቅ ነበር። ሙነወር ድንበሩን ተሻግሮ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ የሚሸጥ፣ ሰው የማያስቀይም ነጋዴ ነው።

«የወጥ ሠሪዋ ጠርሙስ የበረሮ ነው፣ ወላሂ» አላት። «ሰው አይገድልም። እውነቱን ልንገርሽ፣ በረሮም እምብዛም አይገድልም።»

«ከማሳው ሰዎች መካከልስ መድኃኒት የገዛ ሌላ አለ?»

ሙነወር ሚዛኑን መወልወል ጀመረ። «ስለ አንድ ደንበኛ ጠይቂኝ፣ ስለ አንዱ ልንገርሽ። ስለ ሁሉም ከጠየቅሽኝ ግን ኸላስ፣ አበቃ፣ ሱቁን ዘግቼ ወደ ሱዳን፣ ገዳሪፍ እገባለሁ። እነዚህ እኮ መድኃኒት አቁሙ ብለው እኔኑ ስብሰባ የጠሩኝ ሰዎች ናቸው። ሻይም አጠጥተውኛል።»

ማናዬ ከዚህ በላይ አልጠየቀችውም። ሦስቱም በየተራ፣ አንዱ ከሌላው ተደብቆ፣ እዚህ ባንኮኒ ላይ ተደግፎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንደነበር በዓይነ ሕሊናዋ ታያት። በራሷም አፈረች። ጠዋት ስትደርስ በስርጉት ላይ በሩ እንዲቆለፍ «ይሁን» ያለችው እሷ ናት።

ከሰዓት በፊት ሦስቱን ድንኳኑ ሥር ሰበሰበቻቸው። ስርጉትንም ከመጋዘኑ ደጃፍ ሆና እንድትሰማ በሩ ተከፈተ፤ ፖሊሱ ከፊቷ ቆመ። የፖሊስ መኪናው ሞተሩ ተነስቶ ሊወስዳት ይጠብቃል።

ማናዬ እንደ ልማዷ መሬት መሬት እያየች ጀመረች።

«አበባው ትናንት ማታ ምንም አልበላም። የስርጉትን ምግብ ውሻው ነው ከነቋጠሮው ዘንጥሎ የበላው፤ ውሻው ደግሞ ያውላችሁ፣ ጥላ ሥር ተኝቷል። ስለዚህ መርዙ በአፍ አልገባም። በጀርባው ነው የገባው። ትከሻው ላይ የማንገቻ ሰንበር አለ፤ የሚያፈስ መርጫ አዝሎ ነበር። ሬሳው ላይ ዝንብ የለም፤ ወጥመዱ ውስጥ ትኋን የለም። ይህ ማሳ መድኃኒት ያልነካው አይደለም፤ መድኃኒት የጠገበ ነው።»

«እሱ በራሱ ሠርቶት ይሆናላ» አለ አዛናው።

«አንድ ጊዜ ቢሆን እሺ እል ነበር። ዱካው ግን አንዱ በአንዱ ላይ ሦስት ነው። አንዱን ማሳ ሦስት ጊዜ የሚረጭ ሞኝ የለም፤ ሦስት ሰው ካላዘዘው በቀር። በዚህ ሁሉ አቧራ መካከል ደግሞ ዛሬ ያየሁት ንጹሕ ዕቃ ሦስት ነው። አንዱ መርጫ በምርምሩ መጋዘን ውስጥ። አንዱ አያ ደረበ ቤት። አንዱ አዛናው እርሻ ላይ።»

ሦስቱ ሰዎች ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ለአፍታ ብቻ ነበር፤ ወዲያው ሁሉም ዓይኑን ሰበረ።

«አያ ደረበ» አለች ማናዬ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ «አገሩ ሁሉ በሬዲዮ የሰማዎት ሰው ነዎት። በእንግዳ ፊት ሰሊጥዎ ባዶ ፍሬ ሆኖ ቢገኝ የሚገቡበት አልነበረዎትም። አበባው ደግሞ ልጅዎን ክርስትና ያነሳ አበልጅዎ ነው፤ እንቢ አይልዎትም። ዶክተር፣ አንቺ ደግሞ ወጥመዱ ትኋን በዛ ብሎ ሲጽፍልሽ መልእክቱን ለማን ታሳዪዋለሽ? የሁለት ዘመን ሥራሽ ነው። አቶ አዛናው፣ ትኋኑ ከዚህ ማሳ ተሻግሮ ወደ አንተ እንዳይገባ ፈራህ፤ በግልጽ ይረጭ እንዳትል ደግሞ ስምህ ሰሌዳው ላይ አለ። ሦስታችሁም ያ ሰው አፉ የታመነ መሆኑን ታውቃላችሁ። ለማንም እንዳትናገር ብላችሁ አስማላችሁት። ለማንም አልተናገረም።»

ነፋሱ የድንኳኑን ሸራ ሳብ ለቀቅ አደረገው።

«ለአንዳችሁ እንኳ ቢናገር ይድን ነበር። ‹ተረጭቷል እኮ› ብሎ መመለስ ይችል ነበር። ግን ያኔ የሌላኛችሁን ምሥጢር ያወጣ ነበር። ሰው እንዳያየው ደግሞ በጨለማ፣ ያንን ልብስ ሳይለብስ ረጨ። እጁ ሲንቀጠቀጥ ሁላችሁም አይታችኋል። እንዲሞት ያሰበ እንደሌለ አውቃለሁ። ይህን ካልኩ በኋላ የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ይችን ሴት ልውሰዳት?»

መልስ የሰጠችው ወንጌል ነበረች። ድምፅዋ ቀጥኗል። «መርጫ ማጠብ ወንጀል አይደለም፣ ኢንስፔክተር። ይህ ማሳ መድኃኒት አልነካውም።»

«አልነካውም» አለ አዛናው።

አያ ደረበ ከንፈራቸው ሁለት ጊዜ ተንቀሳቀሰ። «እኔ… የማውቀው የለም» አሉ። ስርጉት ከመጋዘኑ ደጃፍ ሆና ሰማቻቸው። ማናዬ ከዚህ ወዲያ የቀራት ነገር አልነበረም። ዱካ ዝናብ ሲመጣ ይጠፋል፤ መርጫም ታጥቧል፤ አለቃዋም ሁለት ጊዜ ደውሏል።

አንድ የጭነት መኪና ከመንገዱ ታጥፎ ድንኳኑ አጠገብ የቆመው ያን ጊዜ ነው። የአበባው ሚስት ወይዘሮ አዛለች ከሳንጃ መጥታ ደረሰች። የተነገራት ባልሽ ታሞ ድንገት አረፈ የሚል ብቻ ነው። ሬሳውን አይታ፣ አልቅሳ፣ ድምፅዋ እስኪጠፋ ጮኻ ስትጨርስ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠራርጋ ወደ ድንኳኑ መጣች። ለሦስቱም አንድ በአንድ እጅ ነሳች፣ ባሏን በክብር ስላኖሩላት አመሰገነች። እግዜር ይስጣችሁ ባለች ቁጥር አንገታቸው ዝቅ አለ።

«ሁልጊዜ ይነግረኝ ነበር» አለች። «የምጠብቀው ሰሊጥ እንደሌላው አይደለም፣ ፈጣሪ እንደሠራው ነው፣ ሕፃን ከመሬት አንስቶ ቢበላው አያመውም ይለኝ ነበር። አመጣልሻለሁ ብሎ ነበር።»

ማንም ሳይከለክላት ወደ ቅርቡ ሂላ ሄደች። አንዱን ነዶ ገልብጣ መታ መታ አደረገችው፤ ነጩ ፍሬ መዳፏ ላይ ፈሰሰ። ይዛው ተመለሰችና በመጀመሪያ ለሽማግሌው ዘረጋችላቸው።

«አብረን እንቅመሰው። የእሱ ልፋት ነው።»

አያ ደረበ ጥርሳቸውን እንደሚያማቸው ተናገሩ። ወደ ወንጌል ዞረች፤ ወንጌል አሁን ነው የበላሁት አለች። አዛናውም ሐኪም ሰሊጥ ከልክሎኛል አለ። ወይዘሮ አዛለች አልተቀየመቻቸውም። ሐዘን ላይ ያለ ሰው አይበላም ብላ ይሆናል።

«እንግዲያ እኔ ልቅመስለት» አለችና መዳፏን ወደ አፏ አነሳች።

ሦስት እጆች በአንድ ጊዜ ክንዷን ያዙ። የሽማግሌው፣ የተመራማሪዋና የባለሀብቱ፣ አንዱ በሌላው ላይ። ሰሊጡ ጫማቸው ላይ ተበተነ። ወይዘሮ አዛለች አንዱን አየች፣ ሁለተኛውን አየች፣ ሦስተኛውን አየች። ምን ሆናችሁ ብላ ጠየቀች፤ ክንዷን የለቀቀላት ግን የለም።

ፖሊሱ ማንም ሳያዘው ከስርጉት ፊት ዘወር አለ፤ የፖሊስ መኪናው ሹፌርም ሞተሩን አጠፋ።